ፀረ-ቁስ ሮኬት፦ የቸገረን ነዳጁ ነው

አንድ ጠያቂ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «ፀረ-ቁስ ከቁስ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ወደ ኃይል ይለወጣሉ ሲባል እሰማለሁ። ነገሩ እንዲያ ከሆነ ከዚህ የሚበልጥ የሮኬት ነዳጅ ሊኖር አይችልም። ታዲያ ወደ ሌላ ኮከብ የሚሄድ መንኮራኩር ለምን አልተሠራበትም? የሚከለክለው ፊዚክሱ ነው ወይስ ገንዘቡ? በእኛ ዕድሜስ እናየው ይሆን?»

ፊዚክሱ አይከለክልም። ይህን መጀመሪያ ልበልዎት፤ ብዙ ሰው ፀረ-ቁስን የልብ ወለድ ፈጠራ አድርጎ ስለሚያስበው። ፀረ-ቁስ በቤተ ሙከራ ይሠራል፣ ይያዛል፣ ይለካል። ሞተሩም በመርህ ደረጃ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ጉዳዩ የገንዘብ ብቻም አይደለም። የዓለም ገንዘብ ሁሉ ዛሬ ቢሰጠን፣ ነዳጁን በኪሎ የሚያመርት ፋብሪካ በምን ዘዴ እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው የለም። ያመረትነውን የምናስቀምጥበት ዕቃም የለንም። ይህን ግን እኔ ስላልኩት ብቻ አይቀበሉት። ቁጥሮቹን አብረን እንያቸው።

ለፀሐይ በጣም ቅርብ የሆነው ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተወነጨፈችው ቮዬጀር 1 በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር ትበራለች። በዚያ ፍጥነት ይህን ርቀት መጨረስ 75 ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጃል።

«ታዲያ ብዙ ነዳጅ እንጫንባት» ካሉ፣ ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ጽዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተመው የሮኬት ቀመር መንገድ ላይ ይጠብቅዎታል። ሮኬት ምን ያህል እንደሚፈጥን በአብዛኛው የሚወስነው ከኋላው የሚተፋው ነገር የሚወጣበት ፍጥነት ነው። ከኬሚካል ሮኬቶች ምርጡ፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚያቃጥለው፣ ጋዙን በሴኮንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይተፋል። ከዚያ በላይ መፍጠን ይቻላል። ግን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 4.5 ኪሎ ሜትር የመነሻው ክብደት በ2.7 ይባዛል። የብርሃንን ፍጥነት አንድ አሥረኛ፣ ማለትም በሴኮንድ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ለመድረስ፣ ማባዣው 1 ተጽፎ ከኋላው 2,900 ያህል ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ይሆናል። ልናየው በምንችለው ጠፈር ውስጥ ያሉት አቶሞች ሁሉ ቢቆጠሩ እንኳ ዜሮዎቹ 80 ገደማ ናቸው። ስለዚህ የኬሚካል ነዳጅ ለዚህ ጉዞ ከናካቴው አይሆንም።

የኑክሌር ነዳጅ በጣም ይሻላል። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ከክብደቱ አንድ ሺህኛ ያህሉ ወደ ኃይል ይለወጣል። በፀሐይ ውስጥ እንደሚሆነው ሃይድሮጅን ተዋህዶ ሂሊየም ሲሆን ደግሞ 0.7 ከመቶ ያህሉ። ፀረ-ቁስ ከቁስ ጋር ሲጠፋፋ ግን መቶ ከመቶ ነው። አንድ ግራም ፀረ-ቁስ ከአንድ ግራም ቁስ ጋር ሲገናኝ የሚለቀቀው ኃይል 43 ሺህ ቶን የቲ.ኤን.ቲ. ፈንጂ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ሰው በፀረ-ቁስ ሮኬት ሐሳብ የሚማረከው በዚህ ነው፤ እውነትም ያስጎመጃል።

ስለ ታሪኩ በአጭሩ። የፊዚክስ ሊቁ ፖል ዲራክ እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው ቀመር ኤሌክትሮን ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው መንትያ እንዳለው ጠቆመ። ካርል አንደርሰን በ1932 ያንን መንትያ፣ ፖዚትሮንን፣ ከጠፈር በሚመጣ ጨረር ውስጥ አገኘው። የፕሮቶን ተቃራኒ መንትያ የሆነው ፀረ-ፕሮቶን በ1955 በአሜሪካ በበርክሌይ ተሠራ። በ1995 በሰርን፣ በጄኔቫ አቅራቢያ ባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል፣ የመጀመሪያዎቹ የፀረ-ሃይድሮጅን አቶሞች ተገኙ፤ ዘጠኝ ነበሩ። ዛሬ ፖዚትሮን በሆስፒታል ፔት በሚባለው የሰውነት ውስጥ ምስል ማንሻ ምርመራ ላይ በየዕለቱ ያገለግላል።

አሁን ወደ ሞተሩ። ብዙ ሰው «ፈንድቶ ይገፋል» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ያለው ግን ፍንዳታው ምን እንደሚያወጣ ላይ ነው። ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ሲጠፋፉ የሚወጣው ጋማ ጨረር ብቻ ነው። ጋማ ጨረር የኤሌክትሪክ ሙል የለውም፤ በማግኔት አይጠመዘዝም፤ መስታወትም አይመልሰውም። በየአቅጣጫው ይበተናል። ሮኬት ደግሞ ሁሉን ነገር ወደ አንድ ወገን መትፋት አለበት። ኦይገን ዜንገር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያሰበው የፎቶን ሮኬት፣ ማለትም በብርሃን የሚገፋው፣ እዚህ ላይ ነው የተሰናከለው።

ፕሮቶንና ፀረ-ፕሮቶን ሲጠፋፉ ታሪኩ ይለያል። በአማካይ አምስት ያህል ፒዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይወጣሉ። ሁለቱ ገደማ ሙል የሌላቸው ናቸው። የፀጉር ውፍረት መቶኛ ያህል እንኳ ሳይጓዙ ወደ ጋማ ጨረር ይለወጣሉ። እነሱን ማዳን አይቻልም። ሦስቱ ግን ሙል አላቸው፤ ከብርሃን ፍጥነት ከ90 በመቶ በላይ ይሮጣሉ። ዕድሜያቸው የሴኮንድ ቢሊዮንኛ 26 እጅ ብቻ ነው። ሆኖም በጣም ስለሚፈጥኑ ከመፍረሳቸው በፊት 20 ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ሃያ ሜትር ለእኛ ብዙ ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ ኃይለኛ ማግኔት ይዞ ወደ ኋላ ሊያዞራቸው ይችላል። ብረት የሌለው፣ ከማግኔት መስክ ብቻ የተሠራ የሮኬት መትፊያ አፍ ማለት ነው። ሲፈርሱም ሙዮን የሚባሉ ሙል ያላቸው ቅንጣቶችን በቦታቸው ይተዋሉ፤ እነሱም ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃሉ።

በዚህ ሞተር ላይ ስንት ፀረ-ቁስ ያስፈልጋል? አንድ ቶን የምትመዝን መንኮራኩር እንውሰድ፤ ካሜራዋም፣ አንቴናዋም፣ ሞተሯም አንድ ላይ። ከብርሃን ፍጥነት አንድ አሥረኛ እናድርሳት። በዚያ ፍጥነት የምትይዘው የእንቅስቃሴ ኃይል ብቻ ሁለት ኪሎ ተኩል ፀረ-ቁስ ከእኩያው ቁስ ጋር ሲጠፋፋ ከሚሰጠው ጋር ይስተካከላል። ሮኬት ግን ኃይሉን ለሚተፋውም ነገር ያካፍላል። የፊዚክስ ባለሙያው ሮበርት ፎርዋርድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካሳዩት ነገር እኔን በጣም ያስደሰተኝ ይህ ነው፦ ፀረ-ቁሱን ለብቻው ከማቃጠል በብዙ ተራ ሃይድሮጅን ውስጥ ጥቂቱን ጨምሮ ያንን ማጋል ይሻላል። ለአንድ ቶን መንኮራኩር አራት ቶን ገደማ ሃይድሮጅን ይበቃል። ፍጥነቱ ሲጨምር የሚጨምረው የፀረ-ቁሱ መጠን ነው። ከሚወጣው ኃይል 40 በመቶው ወደ ግፊት ይለወጣል ብለን ቸር ግምት ብንወስድ፣ የሚያስፈልገን ፀረ-ቁስ 10 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በ45 ዓመት ውስጥ ፕሮክሲማ ደርሳ ታልፋለች። እዚያ እንድትቆም ከፈለግን ማቆሚያውንም አብራ ትሸከማለችና 40 ኪሎ ይሆናል።

አሥር ኪሎ! በሁለት እጅ የሚነሳ ነገር። እዚህ ላይ ሲደርሱ ሰዎች «ታዲያ ምን ችግር አለው?» ይላሉ። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ብያለሁ።

ችግሩ ፀረ-ቁስ የኃይል ምንጭ አለመሆኑ ነው። ነዳጅ ዘይት ከመሬት ይወጣል፤ ተፈጥሮ በሚሊዮን ዓመታት አጠራቅማ ሰጥታናለች። ፀረ-ቁስ የሚቆፈርበት ቦታ የለም። እያንዳንዱን ቅንጣት ራሳችን መሥራት አለብን፤ ለመሥራትም መልሶ ከሚሰጠን በላይ ኃይል እናፈስሳለን። ባትሪ ነው ብለው ያስቡት። ከባትሪዎች ሁሉ ምርጡ፣ ግን ባዶውን የሚመጣ ባትሪ።

አሞላሉን ጠጋ ብለን እንየው። በሰርን ፕሮቶኖች ከብርሃን ፍጥነት ጥቂት ብቻ እስኪጎድላቸው ይፈጥኑና ከጣት የቀጠነ የኢሪዲየም ዘንግ ላይ ይወረወራሉ። ከግጭቱ ልዩ ልዩ ቅንጣት ይበተናል። ከመካከሉ ፀረ-ፕሮቶኖች አሉ፤ ግን ከብዙ መቶ ሺህ የተወረወሩ ፕሮቶኖች ለመያዝ የሚበቃው አንድ ያህል ነው። እሱም ሲወለድ እሳት የላሰ ነው፤ በጣም ይሮጣል። ስለዚህ ማፍጠኛ ሳይሆን ማዘግያ ማሽን ውስጥ ይገባል። እዚያ እየዞረ ይበርዳል፣ ፍጥነቱን ይጥላል። ከዚያ ወደ ሁለተኛ ማዘግያ፣ ከዚያ ወደ ወጥመዱ። በየሁለት ደቂቃው ገደማ 30 ሚሊዮን ያህል ፀረ-ፕሮቶን ይደርሳል።

ሠላሳ ሚሊዮን ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። አንድ ግራም ግን 600 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ፀረ-ፕሮቶን ነው። ማሽኑ ሌት ተቀን ሳያቋርጥ ቢሠራ አንድ ግራም ለመሙላት 75 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይወስድበታል። ጠፈር ራሱ 13.8 ቢሊዮን ዓመቱ ነው። በሌላ ዓይን ላሳይዎት። ማሽኑ ዓመት ሙሉ የሠራውን ሁሉ አጠራቅመን በአንድ ጊዜ ብናጠፋፋው፣ የሚወጣው ኃይል አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ለ40 ሴኮንድ ያበራል።

እርግጥ ነው፣ ያ ማሽን ለነዳጅ ምርት አልተሠራም፤ ለምርምር ነው። እሱን ለነዳጅ ፋብሪካ መለኪያ ማድረግ ፍትሐዊ አይሆንም። እና ወደ ተስፋው ወገን እንሂድ። ተፈጥሮ የምትፈቅደው ምርጡ ፋብሪካ ምን ይሠራል? ፀረ-ፕሮቶን ሲፈጠር ሁልጊዜ ፕሮቶን አብሮት ይፈጠራል፤ ስለዚህ ከኃይሉ ግማሹ ወዲያው ይሄዳል። ሌላ ምንም ብክነት የለም እንበል። ያኔ 10 ኪሎ ፀረ-ቁስ ለማምረት ዛሬ ዓለም በዓመት ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ 2 በመቶ ያህሉ ይበቃል። ይህ የሚቻል ነገር ነው! ዛሬ ያለው ብቃት ግን አንድ ቢሊዮንኛ ቢደርስ ነው። በዚያ ብቃት ለዚያው 10 ኪሎ የዓለም ኤሌክትሪክ በሙሉ ለ17 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስፈልጋል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ገደል ነው ጥያቄዎን የሚመልሰው። ገደሉን በኢንጂነሪንግ ብልሃት በመቶ እጥፍ፣ ምናልባት በሺህ እጥፍ ማጥበብ ይቻላል ብዬ አምናለሁ። የቀረውን ሚሊዮን እጥፍ የሚያጠብብ ግን አዲስ የማምረቻ ዘዴ እንጂ የተሻሻለ አሮጌ ዘዴ አይሆንም። እስካሁን እንዲህ ያለ ዘዴ ያቀረበ የለም።

ማስቀመጫው ደግሞ ለብቻው ሌላ ራስ ምታት ነው፤ ሥራዬ ወደዚህ ስለሚጠጋ ትንሽ ልቆይበት። ፀረ-ፕሮቶን የሚያዝበት ዕቃ ፔኒንግ ወጥመድ ይባላል። በወርቅ የተለበጡ የመዳብ ቀለበቶች በላይ በላዩ ተደርድረው፣ ውስጣቸው ክፍት ሆኖ፣ አንድ ላይ የቡና ስኒ የሚያህል ነገር ይሆናሉ። ዙሪያውን ጠንካራ ማግኔት፣ ከዚያም በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዝ ሽፋን። ቅንጣቶቹ መካከሉ ላይ ግድግዳ ሳይነኩ ይንሳፈፋሉ። አየሩ ተጠርጎ መውጣት አለበት፤ አንድ የጋዝ ሞለኪውል ሲነካው አንዱ ፀረ-ፕሮቶን ይጠፋልና። ይህ ዘዴ ይሠራል። በሰርን ቤዝ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን ፀረ-ፕሮቶኖችን ከ400 ቀን በላይ ይዞ አቆይቷል። ያ ትልቅ ሥራ ነው።

ነገር ግን ወጥመዱ ወሰን አለው። ፀረ-ፕሮቶኖች ሁሉ ሙላቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ማግኔቱ ይህን ግፊያ የሚችለው እስከ ተወሰነ ጥግግት ድረስ ነው። አምስት ቴስላ በሆነ ጠንካራ ማግኔት እንኳ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚጨመቀው ፀረ-ፕሮቶን ከማይክሮግራም አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። አሥር ኪሎአችንን በዚህ ዘዴ እንያዝ ካልን የወጥመዱ ስፋት 90 ኪሎ ሜትር ኩብ ይሆናል። ማግኔቱን በእጥፍ ብናጠነክር በአራት እጥፍ ያንሳል። ያም ሆኖ መንኮራኩር ላይ የሚጫን ነገር አይሆንም።

ስለዚህ ሙል የሌለው ፀረ-ቁስ ያስፈልጋል። ፀረ-ፕሮቶንን ከፖዚትሮን ጋር አጋብተን ፀረ-ሃይድሮጅን እንሠራለን፤ ከዚያ እናቀዘቅዘውና ጠጣር በረዶ እናደርገዋለን፤ በረዶውን በማግኔት አየር ላይ እናንሳፍፈዋለን። በወረቀት ላይ ያምራል። አልፋ የተባለው ሌላው የሰርን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 38 የፀረ-ሃይድሮጅን አቶሞችን ያዘ፤ በቀጣዩ ዓመት እንዲህ ያሉ አቶሞችን ለ1,000 ሴኮንድ አቆየ። በ2023 ደግሞ ፀረ-ሃይድሮጅን ሲለቀቅ እንደማንኛውም ነገር ወደ ታች እንደሚወድቅ አሳየ። ወጥመዱ የሚይዘው ግን ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከቅዝቃዜ ሁሉ መጨረሻ፣ በላይ ከግማሽ ዲግሪ ኬልቪን ያነሰ ሙቀት ያላቸውን አቶሞች ብቻ ነው፤ ትንሽ ሞቅ ያለው ሁሉ ያመልጣል። ወደ በረዶው ለመድረስ ገና ፀረ-አቶሞችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሞለኪውል መሥራት አለ፤ እሱም አልተሠራም። በረዶው ቢሠራ እንኳ ከላዩ ጥቂት ሞለኪውል ተነስቶ ግድግዳ ከነካ ይጠፋፋል፤ ያ ያሞቃል፤ ሙቀቱ ሌላ ሞለኪውል ያስነሳል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አሥር ኪሎ በአንድ ጊዜ ቢያመልጥ ደግሞ የሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1961 ያፈነዳችው፣ እስከ ዛሬ ትልቁ የሆነው ቦምብ ከስምንት እጥፍ በላይ ነው። ይህን ነዳጅ ምድር ላይ የሚያከማች ሰው አይኖርም፤ መኖርም የለበትም።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር፣ በስዕሎች ላይ የማይታይ ስለሆነ። ያችን አንድ ቶን መንኮራኩር በአምስት ዓመት ውስጥ ለማፍጠን ሞተሩ በአማካይ 11 ጊጋ ዋት ይለቃል። አንድ ሦስተኛው ጋማ ጨረር ነው። ከዚያ አሥር በመቶውን ብቻ የመንኮራኩሯ አካል ቢቀበል 370 ሜጋ ዋት ሙቀት ነው። ጠፈር ላይ ንፋስ የለም፤ ሙቀቱን በጨረር ብቻ ነው የምታወጣው። ግሎ በቀላና በ1,500 ኬልቪን ላይ በሚሠራ ሳህን እንኳ 650 ሜትር ካሬ ገደማ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል። አንድ ቶን ውስጥ ይህን ሁሉ ያስገባ እንጂነር ካለ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። በናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የሠሩት ሮበርት ፍሪስቢ የነደፏቸው መርከቦች እንደ መርፌ ቀጭንና እጅግ ረጃጅም የሆኑት በዚህ የተነሳ ነው፤ ሞተሩን ከቀሪው አካል ለማራቅ።

«ከተፈጥሮስ አናገኝም?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር አየራችንን ሲመታ ፀረ-ፕሮቶኖች ይወለዳሉ፤ ጥቂቶቹ በምድር የማግኔት መስክ ተጠምደው ይቆያሉ። ፓሜላ የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን አረጋግጧል፤ በብዙ መቶ ቀናት ክትትል የቆጠራቸው ግን 30 እንኳ አይሞሉም። እነሱን ለቅሞ ነዳጅ ማድረግ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ታዲያ ምን ይቀረናል? እኔ ተስፋ የማደርገው በክብሪቱ መንገድ ነው። ፀረ-ቁሱ ዋናው ነዳጅ መሆኑ ይቀርና መለኮሻ ይሆናል። ፀረ-ፕሮቶን ዩራኒየም ውስጥ ሲገባ የአቶሙን እምብርት (ኒውክሊየሱን) ይሰነጥቃል፤ ያ ደግሞ በዙሪያው ያለውን የውህደት ነዳጅ ሊያቀጣጥል ይችላል። በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተነደፉት ሞተሮች በዚህ ሐሳብ ላይ የቆሙ ነበሩ። የሚፈልጉት በናኖግራምና በማይክሮግራም የሚለካ ፀረ-ቁስ ነው። ኪሎ ከማምረት ማይክሮግራም ማምረት ቢሊዮን ጊዜ ይቀላል። እንዲህ ያለ ሞተር በቅድሚያ የሚጠቅመው በራሳችን ፕላኔቶች መካከል ለሚደረግ ጉዞ ነው። ለከዋክብት ይበቃል አልልም።

ወደ ኮከብ መጀመሪያ የሚደርሰው የትኛው ነው ካሉኝ፣ የምወራረደው በሌዘር በሚገፋ ሸራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው ብሬክስሩ ስታርሾት የተባለው ፕሮጀክት በግራም የምትመዘን መሣሪያ ከብርሃን ፍጥነት 20 በመቶ ለማድረስ ያለመ ነበር። ሸራው ነዳጅ አይሸከምም፣ የጽዮልኮቭስኪ ቀመርም አይይዘውም። ሸራው ግን እዚያ ሲደርስ መቆም አይችልም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አልፎ ይሄዳል። ፕላኔት ዙሪያ ቆሞ ዓመት ሙሉ ማጥናት የፈለገ ማቆሚያ ኃይል ይዞ መሄድ አለበት፤ ያኔ ከምናውቀው ሁሉ ቀላሉ ሸክም ፀረ-ቁስ ነው። እነዚህን ሁሉ ችግሮች እያወቅኩ ሐሳቡን የማልጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛ ዕድሜ እናየው እንደሆነ ጠይቀዋል። በፀረ-ቁስ ወደ ኮከብ የሚሄድ መንኮራኩር፣ አይመስለኝም። የልጆቻችን ዕድሜም ሊያጥር ይችላል። ግን የሚታይ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሰርን ውስጥ አንድ ቶን የሚመዝን ወጥመድ በጭነት መኪና ተጭኖ ግቢውን ዞረ። ውስጡ 70 ፕሮቶኖች ነበሩ፤ መኪናው እየተንገጫገጨ አንዱም ሳያመልጥ ተመለሰ። ተራ ፕሮቶኖች ናቸው፤ ዓላማው ፀረ-ፕሮቶኖችን ወደ ሌሎች ላቦራቶሪዎች ማጓጓዝ ነው። ከኮከብ ጉዞ ጋር ሲያስተያዩት ኢምንት ነው። ለእኔ ግን በዚህ ዘርፍ ከየትኛውም የሞተር ንድፍ ይበልጥ ልቤን የሚያሞቀው ይህ ነው፤ ፀረ-ቁስ ከተሠራበት ቦታ መውጣት ካልቻለ የትም አይደርስምና። ከዚህ በኋላ የፀረ-ቁስ ዜና ሲሰሙ ስለ ሮኬቱ ከመጠየቅዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ስንት ቅንጣት ተያዘ፣ ለስንት ጊዜስ ቆየ?